ቴስተሯ ስትዋሽ



እዚህ መርካቶ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ የሚጠግን ሰው አጠገብ ለአፍታ የቆመ ሁሉ ቴስተርን ያውቃል። ቀይና ጥቁር ሁለት ገመድ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። ጠጋኙ የዕቃውን ጀርባ ይከፍታል፣ የገመዶቹን ጫፍ እዚህም እዚያም ያስነካል፣ ቁጥሯ የምትለውን ያያል፤ እጁን የሚሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው ጀርባው እንደተከፈተ፣ ሽቦው እንደተጋለጠ፣ ዕቃውን ለባለቤቱ መመለስ ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ብዙም አይወራለትም፤ ቴስተሯ ራሷ የተበላሸች እንደሆነስ? ቴስተር የሌለው ጠጋኝ ይጠነቀቃል። የምትዋሽ ቴስተር የያዘ ጠጋኝ ግን "ኤሌክትሪክ የለም" ብሎ ተማምኖ ይነካል። ዛሬ የምናገረው የዌብ ሰርቨር ቴስተር ስለሆነው ስለ ዲባግ ሞድ ነው፤ በተለይም እዚያው ዲባግ ሞድ ውስጥ ስህተት ሲገኝ እንዴት እንያዘው ስለሚለው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በዲባግ ሞድ ብቻ የሚታይ ስህተት ከሌላው ስህተት አያንስም፤ እንደ ቀላል ነገር ማለፉም ሆነ ድምፁን ማፈኑ ችግሩን ሳይታይ ወደ ዋናው ሰርቨር ያሻግረዋል። ከውጭ አገር የማነሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ዌብ ሰርቨር ከደንበኛ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የሚመጣ ጥያቄ ተቀብሎ ገጹን መልሶ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ሸቀጡን በኢንተርኔት የሚያሳይ የጨርቅ ነጋዴም፣ ከፋይና ተከፋይን የሚያገናኝ የክፍያ ድርጅትም ከበስተጀርባው እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ሁለቱ አፓቼ እና ኤንጂን ኤክስ ናቸው፤ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ኮዳቸውን ማንም አውርዶ ሊያነበው፣ ሊለውጠው፣ በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል። አፓቼ በ1995 የተጀመረው ኤንሲኤስኤ የተባለውን የቀድሞ ሰርቨር ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች በየግላቸው ያበጁትን ጥገና ሰብስበው አንድ ላይ በማቀናጀታቸው ነው። ኤንጂን ኤክስን ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ በ2004 ለሕዝብ አወጣው። በሁለቱም ውስጥ ፕሮግራሙ የሚሠራውን እያንዳንዱን እርምጃ የሚናገርበት መንገድ አለ። አፓቼ ካልነኩት ማስጠንቀቂያና ከዚያ የከፋውን ብቻ ይመዘግባል፤ ዲባግ በሉት ብዙ ይናገራል፣ ከዲባግም በታች ስምንት ተጨማሪ ደረጃ አለው። ኤንጂን ኤክስ ደግሞ ዲባግ ሎግ የሚባለውን የእርምጃ መዝገብ እንዲጽፍ ከተፈለገ ፕሮግራሙ ሲገነባ ጀምሮ ለዚያ መዘጋጀት አለበት።

ከመናገር ሌላ ዲባግ ሞድ አንድ ትልቅ ሥራ አለው፤ የክርክሬ ሥርም እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራመሮች በኮዱ መሀል "እዚህ ሲደረስ ይህ ነገር እውነት መሆን አለበት" የሚሉ መስመሮች ያስቀምጣሉ። ለምሳሌ "ይህ ዝርዝር ባዶ ሊሆን አይችልም"፣ "ይህ ግንኙነት ገና አልተዘጋም"። ለአዘጋጆቹ በተገነባው የአፓቼ ዓይነት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፕሮግራሙ ወዲያው ይቆማል፤ ይወድቃል። ለተጠቃሚ በሚሰጠው ዓይነት ላይ ግን ያ መስመር ከናካቴው የለም፤ ሲገነባ ተፍቋል። እንግዲህ አንድ ባለሙያ "አይ፣ ይሄ ዲባግ ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ ዋናው ሰርቨር ደህና ነው" ሲል ምን እያለ እንደሆነ አስቡት። ሐሰቱ በሁለቱም ውስጥ አለ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሐሰቱን ይዞ ዝም ብሎ ይቀጥላል። የቆመው ሰርቨር ነው ታማኙ። ባዶ ሊሆን አይችልም የተባለው ዝርዝር ባዶ ሆኖ ሳለ ሥራውን የቀጠለው ሰርቨር ከሳምንት በኋላ የአንዱን ደንበኛ ገጽ ለሌላው ሊያሳይ፣ ወይም በገበያ ቀን ድንገት ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን የሚነግረን አይኖርም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይታወቃል፤ ዲባግ ሞድ የባለሙያ ጓዳ ነው፣ ደንበኛ አይገባበትም፣ ስለዚህ እዚያ ያለ ስህተት ማንንም አይጎዳም የሚል ነው። ጓዳው ሁልጊዜ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ክብደት ነበረው። ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። ኅዳር 2 ቀን 1988፣ ዌብ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር፣ ሮበርት ሞሪስ የተባለ ተማሪ የጻፈው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት በኢንተርኔት ላይ ተሰራጨ። በጊዜው ከነበሩት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉ እንደተያዙ ተገምቷል። ከገባባቸው በሮች አንዱ ሴንድሜይል በተባለው፣ ኮዱ ክፍት በሆነ የኢሜይል ሰርቨር ውስጥ የነበረው ዲባግ ሞድ ነው። ያ ሞድ ሲበራ መልእክት ለሰው ሳጥን ሳይሆን ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሆኖ እንዲደርስ ያደርግ ነበር። ለምን ክፍት ተተወ? በክፋት አይደለም። የሴንድሜይል አቀማመጥ እጅግ የተወሳሰበ ስለነበር አስተዳዳሪዎቹ ፖስታው መድረሱን በቀላሉ የሚፈትሹበት መንገድ ይፈልጉ ነበር፤ ዲባግ ሞዱ ሥራ አቀለለላቸው፣ አምራቾቹም እንደበራ አሰራጩት። እያንዳንዱ ውሳኔ ብቻውን ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ድምሩ ግን የተከፈተ በር ሆነ። በዚያው ወር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ማዕከል የተቋቋመው በዚህ ሰበብ ነው።

"ያ የድሮ ዘመን ነው" የሚል ካለ፣ በ2015 ፓትሪዮን የተባለው ለአርቲስቶች ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ የተዘረፈው ለሕዝብ በሚታይ የዲባግ ቅጂ በኩል ነው፤ ድርጅቱ ራሱ ይህንኑ ተናግሯል። በ2021 ደግሞ ላራቬል በተባለው፣ የእኛም ወጣቶች በብዛት በሚሠሩበት የፒኤችፒ ማዕቀፍ ላይ፣ የስህተት ገጹን የሚያሳየው ኢግኒሽን የተባለ ክፍል ቀዳዳ እንዳለው ታወቀ፤ ዲባግ ሞዱ በርቶ የተተወበትን ማንኛውንም ድረ ገጽ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይቻል ነበር። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተገናኝቷል። ባለቤቱ ዲባግ ሞዱን መዝጋት ረሳ፤ ዲባግ ሞዱ ውስጥ ደግሞ ስህተት ነበረ። ሁለተኛው ቀድሞ ቢታረም የመጀመሪያው መርሳት ቤት ባላፈረሰ ነበር። ሰው ይረሳል። ስለዚህ "ዝጉት" ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ተረስቶ ቢከፈትም እንዳይገድል አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

በአገራችን የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በስልክ ሲሰራጭ በየኤቲኤሙ ሰልፍ ሆነ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ። ጉዳዩ የዌብ ሰርቨር ዲባግ ሞድ አልነበረም፤ እንደዚያም አልተባለም። የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። በጥገናና በፍተሻ ወቅት! ሌባ በሩን አልሰበረም። እኛ ሥርዓቱን ለደኅንነቱ ስንል የከፈትንበት ሰዓት ነው አደገኛው ሰዓት። ለፍተሻ የምንጠቀምበት መንገድ ከዋናው መንገድ እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ክፍት ስለተተወ በር ነው። አሁን ወደ ባሰው ልሂድ፤ ፈታሹ እውነት ሲናገር አፉን መያዝ። በ2006 ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት ከሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች አንዱ የምስጢር መቆለፊያ የሆነውን ኦፕንኤስኤስኤልን በዲባግ መሣሪያ ሲፈትሽ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ፕሮግራሙ ገና ያልተሞላ ማህደረ ትውስታ እያነበበ ነው የሚል ነበር። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ስለመጣ የችግሩ ምንጭ የመሰሉ ሁለት መስመሮች ከኮዱ ወጡ። አንደኛው መስመር ቢወጣም ብዙ አይጎዳም ነበር። ሁለተኛው ግን ቁልፍ ሲሠራ የሚያስፈልገው የዕጣ ነገር ሁሉ የሚቀላቀልበት መስመር ነበር። መሣሪያው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ዴቢያንና ከእርሱ የተወለደው ኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ቁልፎች ሊለያዩ የሚችሉት በ32,768 ዓይነት ብቻ ሆነ፤ ይህን ያህል ቁልፍ ተራ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ሞክሮ ይጨርሰዋል። ጉዳዩ ተገልጦ የታወጀው ግንቦት 13 ቀን 2008 ነው፤ ወደ ሃያ ወር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ሰርቨሮች የተቆለፉ መስለው ክፍት ነበሩ። ለውጡን ያደረገው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም የኦፕንኤስኤስኤል ሰዎችን አስቀድሞ በኢሜይል ጠይቋል፤ ለዲባግ የሚረዳ ከሆነ ይውጣ የሚል ምላሽም አግኝቷል። የጎደለው ነገር ለውጡ ራሱ ወደ ኦፕንኤስኤስኤል ሰዎች ተልኮ ኮዱን በሚያውቅ ዓይን መስመር በመስመር አለመታየቱ ነው። አበው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ይህ ሰው በሽታውን አልሸሸገም፣ የበሽታው ምልክት የመሰለውን ነው ያጠፋው፤ ውጤቱ ግን ተመሳሳይ ሆነ።

ሌላ ምሳሌ ከዚሁ ቤት ልጨምር። በ2014 ሚያዝያ ወር ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት በዚሁ በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ተገኘ፤ ማንም ሰው ከሩቅ ሆኖ የሰርቨሩን ማህደረ ትውስታ፣ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ጭምር፣ በቁራጭ በቁራጭ መውሰድ ይችል ነበር። ስህተቱ በሥራ ላይ በዋለ ዕትም ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ብዙ ያልተነገረለት ክፍል እዚህ ላይ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል ፍጥነት ለማግኘት ሲል የራሱ የማህደረ ትውስታ ማጠራቀሚያ ነበረው፤ ይህ ማጠራቀሚያ ስርዓተ ክወናዎች እንዲህ ያለውን ስህተት ለመያዝ የሚዘረጉትን ወጥመድ ያልፍ ነበር። ማጠራቀሚያውን ለፍተሻ ሲባል ማጥፊያ አማራጭ በኮዱ ውስጥ ነበረ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ስርዓተ ክወና የሚያዘጋጁት ሰዎች አማራጩን ሲሞክሩት ግን ፕሮግራሙ አልሠራም፤ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ስላልነበረ ተበላሽቶ ቀርቷል። እንግዲህ ይህ በትክክል "ዲባግ ላይ ብቻ ያለ ስህተት" ነው። ማንንም አይጎዳም የተባለው። የፍተሻው መንገድ ባይበላሽ ኖሮ፣ በዚያ መንገድ አንድ ሰው ቢሄድ ኖሮ፣ ትልቁ ስህተት ቀድሞ የመያዝ ዕድል ነበረው። የፍተሻ መንገድ ሰው ካልሄደበት ሣር ይበቅልበታል።

ታዲያ ሰርቨራችን ዲባግ ሞድ ላይ ሲወድቅ ምን እናድርግ? ከሁሉ በፊት የወደቀውን አለማስነሳት ነው፤ ማለትም የሚጮኸውን መስመር ቆርጦ ወደ ሥራ አለመመለስ። ቀጥሎ ውድቀቱን በራሳችን ኮምፒውተር፣ በአዲሱ ዕትም፣ በተቻለ መጠን በአጭር አቀማመጥ ደግመን ማየት አለብን፤ የማይደገም ስህተት ወሬ ነው፣ የሚደገም ስህተት ማስረጃ ነው። ከዚያ ጥያቄው ሁለት ይሆናል፤ ሐሰት የሆነው ነገሩ ነው ወይስ "እውነት መሆን አለበት" ያለው መስመር? አንዳንዴ መስመሩ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ዓለም ተለውጦ እርሱ አልተለወጠም። ያን ጊዜም ቢሆን መስመሩ አይሰረዝም፤ ይታረማል፣ ለምን እንደታረመም ይጻፍለታል። ዋናው ሰርቨር ላይ መፈተሽ ግድ ከሆነ ደግሞ ኤንጂን ኤክስ ለተመረጠ አድራሻ ብቻ ዲባግ ሎግ የሚከፍት ትእዛዝ አለው፤ የአንድ ባለሙያን ግንኙነት ለማየት የሺህ ደንበኛን ገበና መገልበጥ አያስፈልግም። ይህ የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ትዊተር በ2018 በአንድ ስህተት ምክንያት የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር በውስጥ ሎጉ ላይ መጻፉን ሲያውቅ 330 ሚሊዮን ሰው ቃሉን እንዲለውጥ መክሯል። እኛም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ሎግ ውስጥ የተረሳ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ከእንግዲህ የባለሙያው የግል ማስታወሻ ተደርጎ አይታይም።

ያገኘነውን ለፕሮግራሙ አዘጋጆች እናሳውቅ ስል የሚነሳው ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስህተቱን ለእነርሱ ማሳወቅ ለሌባ መንገር ነው፤ በተጨማሪም በእኛ አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ስለሚቀጣ፣ ቀዳዳ አገኘሁ የሚል ሰው ራሱን ሊያስከስስ ይችላል የሚል ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ አላቃልለውም። የኦፕን ሶርስ ትልቁ ስጦታ ግን እዚህ ላይ ነው የሚታየው። የሰው ሰርቨር መንካት አያስፈልግም። ሰርቨሩን እንዳለ ቤትህ ታወርዳለህ፣ በራስህ ኮምፒውተር ላይ ትጭነዋለህ፣ እንደፈለግህ ትሰባብረዋለህ፤ የገባህበት የማንም ቤት የለም። ሌባን በተመለከተ ደግሞ አሠራሩ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ከውጭ ሊደረስበት የሚችል ስህተት ለደኅንነት ቡድኑ በዝግ ይላካል፣ መፍትሔው ሲዘጋጅ አብሮ ይታወጃል፤ ከውጭ የማይደረስበት በግልጽ መዝገብ ላይ ይጻፋል። አፓቼ በመስከረም 2021 ያወጣው 2.4.49 ዕትም ሰው ከተፈቀደለት ማህደር ውጭ ያለ ፋይል እንዲያነብ የሚያደርግ ቀዳዳ ነበረበት። ጥቅምት 4 ቀን 2.4.50 ወጣ፤ ጥገናው ሙሉ አለመሆኑ ታወቀ፤ ጥቅምት 7 ቀን 2.4.51 ወጣ። ያልበቃ ጥገና አደረግን ብሎ በሦስት ቀን ውስጥ በአደባባይ መናገር ለአንድ ድርጅት ቀላል አይደለም። ሌቦቹ ቀዳዳውን ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ዝም ቢባል ኖሮ ያላወቅነው እኛ ብቻ ነበርን።

የቀረኝ ሦስተኛው ነው፤ እኛ ተጠቃሚዎች ብቻ ነን፣ የመርካቶን ባለሙያ ማን ይሰማዋል የሚለው። እኔ ይህን አባባል ከሁሉ የበለጠ ጎጂ ሆኖ ነው የማየው፤ ምክንያቱም ሁለት ነገር ይስታል። አንደኛ፣ በዚያ ወገን ያሉት ሰዎች ስንት ናቸው? ሃርትብሊድ ሲገኝ ዓለም የምስጢሩን ቁልፍ የሚያስቀምጥበት ኦፕንኤስኤስኤል ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ሰው አንድ ነበረው፤ በዓመት የሚያገኘው ስጦታ ሁለት ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት በደንብ የተጻፈ የስህተት ማስረጃን ከየትም ቢመጣ አይንቅም።

ሁለተኛው ከፊደላችን የሚመጣ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ወደ ዓለም አቀፉ የፊደል ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። በዌብ ላይ በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት ወደ ሦስት ምልክት ይዘረዘራል። "መርካቶ" የሚለው ቃል አራት ፊደል ነው፤ አሥራ ሁለት ባይት ነው፤ በድረ ገጽ አድራሻ ላይ 36 ምልክት ሆኖ ይሄዳል። አሁን ይህን ከሎግ ጋር አያይዙት። የኤንጂን ኤክስ የስህተት ሎግ አንዱ መስመር 2048 ባይት ሲሞላ ይቆረጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል ይህ እጅግ ረጅም አድራሻ ነው፤ በአማርኛ ግን 230 ፊደል እንኳ አይሞላም፤ የቀኑ፣ የሰዓቱና የመልእክቱ ቦታ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አማርኛ የፍለጋ ቃል፣ የሸቀጥ ስምና የምድብ ስም የተደራረበበት የሱቅ አድራሻ እዚህ ወሰን ላይ ሊደርስ ይችላል፤ መቁረጡም በፊደል መሀል ሊያርፍ ይችላል። ባለሙያው ሎጉን አንብቦ "የደንበኛው ጥያቄ እዚህ ላይ አበቃ" ይላል፤ ጥያቄው ግን አላበቃም፣ ቴስተሯ ናት ያቆመችው። ይህን መንገድ ለንደን ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ፕሮግራመር አይሄድበትም፤ ስንፍና ሆኖበት አይደለም፣ ፊደሉ ስላልሆነ ነው። የሄደበት ሰው ካልተናገረ ያ መንገድ እንደ ኦፕንኤስኤስኤሉ አማራጭ ተበላሽቶ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ማስረጃ ለመላክ የሚያስፈልገው የሰርቨሩ የዕትም ቁጥር፣ የአቀማመጡ ጥቂት መስመሮች፣ የተላከው አድራሻ፣ የጠበቅነው የሎግ መስመርና ያገኘነው የሎግ መስመር ነው። የደንበኛ ስም አይገባበትም፤ በምትኩ "መርካቶ" የሚለውን ቃል መስመሩ እስኪሞላ ደጋግሞ መጻፍ ይበቃል። በሌላው የዓለም ጫፍ የሚቀበለው ሰው ፊደላችንን ማንበብ ባይችልም አሥራ ሁለቱን ባይት ቆጥሮ የተቆረጠው የትኛው ላይ እንደሆነ ማየት ይችላል።